የቆዳ ጭረት ወይስ የአጥንት ስብራት? ያገለገለ መኪና ቦዲ ሲመረመርና ሲጠገን

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የት ነው? ቀለሙ ላይ ነው። ሞተሩን መካኒክ ያይልኛል ብሎ ይተወዋል፤ ቀለሙን ግን ሁሉም በራሱ ዓይን ይፈርዳል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሌ ቦረና ለሚኖረው አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ኮሮላ ቀርቦለት ነበር። አንደኛው ጎኑን የግራር እሾህ የቧጨረው፣ የኋላ በሩ የተጨረመተ፣ ኮፋኖውን ጠጠር የጠቀጠቀው ነው። ሁለተኛው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ቤተሰቡ በሙሉ የፈረደው ለሁለተኛው ነው፤ እኔም ጭምር። አጎቴ ዕቁቡን አውጥቶ፣ ከብት ሸጦ፣ የጎደለውን ተበድሮ ገዛው። የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ሲመጣ (በእኛ በኩል ዋናው ዝናብ ያኔ ነው፤ እናንተ ክረምት የምትሉት ለእኛ ደረቅ ወቅት ነው) ከበሩ ሥር ያለው ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ባትላሜራው በካቻቪቴ ጫር ሲያደርገው ካቻቪቴው ዘልቆ ገባ። ውስጡ ብረት የለም። ወንፊት ሽቦ ተወጥሮ ስቱኮ ተለስኖበታል፣ ከላይ ቀለም ተቀብቷል። በቃ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ቦዲ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሸማቾች ጉዳይ እንዘግባለን ካልን ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያፈስበትን ዕቃ ማወቅ አለብን። ያውም አሁን። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ያረጀውን አዲስ አስመስሎ መቀባትም ያዋጣል ማለት ነው።

አጥንቱ የት ነው?

ለመሆኑ የቦዲ ጉዳት ሁሉ አንድ ነው? አይደለም። ይህንን ለመለየት በቅድሚያ የመኪናውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሃይሉክስ፣ አይሱዙ የጭነት መኪና፣ በቆላው መንገድ የምናያቸው ላንድክሩዘሮች ከሥር ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው። ቦዲው ከላይ የተጫነ ነው። በሩ ቢጨረመት፣ ጎኑ ቢገባ መልኩ ይበላሻል እንጂ መኪናውን የተሸከመው ሻንሲ ነው። ኮሮላና ቪትዝ ግን እንዲህ አይደሉም። የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው። ወለሉ፣ የበሩ ምሰሶዎች፣ ከበሩ ሥር በቁመት የሚሄደው ሣጥን መሰል ብረት አንድ ላይ ተበይደው መኪናውን ይሸከማሉ። ራቭ ፎር ቁመናው ትልቅ ስለሆነ ሻንሲ ያለው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እሱም ግን ከኮሮላ ወገን ነው።

የአጎቴ ኮሮላ የበሰበሰው እንግዲህ እዚያ ከበሩ ሥር ያለው ብረት ላይ ነው። ከጎን ግጭት ቢመጣ ሰው የሚከላከለው እሱ ነበር። በአንጻሩ የፊት ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ፣ በርና ፓራውልት በቡሎን የሚታሰሩ ናቸው፤ ይፈታሉ፣ ይቀየራሉ። የኋላው ፓራፋንጎ ግን ከቦዲው ጋር የተበየደ ስለሆነ እሱ የተቆረጠበት መኪና ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ ጭርምቱ ትልቅ ነው ትንሽ ነው ከማለት በፊት የተጨረመተው የትኛው ነው ማለት ይገባል።

እንዴት ይመረመራል?

መኪናውን በጠዋት ወይም ወደ ማምሻው እንየው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው ይረዝማል፣ ወጣ ገባው ሁሉ ይታያል። የእኩለ ቀን የቆላ ፀሐይ ግን ሁሉንም ያበራዋል። ታጥቦ ያልደረቀ መኪናም አንይ፤ ውሃ ጭረት ይደብቃል። ከመኪናው ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጎኑን በርዝመቱ መመልከት ነው። ቀጥ ያለው መስመር የሚወዛወዝበት ቦታ ካለ እዚያ እጅ ገብቷል።

ቀጥሎ ክፍተቶቹ ናቸው። በበሩና በፓራፋንጎው፣ በኮፋኖውና በፓራፋንጎው መሐል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት፤ ግራውም ከቀኙ ጋር ይመሳሰል። የኮፋኖውን ማጠፊያ ቡሎኖች እንያቸው፤ ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ቀለም በቁልፍ ከተላጠ ተፈትቶ ያውቃል። በጎሚኒው ጠርዝ፣ በመብራቱ ዳር ወይም በጎማው ማቀፊያ ውስጥ የረጨ ቀለም ከታየ መኪናው እንደገና ተቀብቷል። የጀርባውን ምንጣፍ አንስተን ወለሉን እንመልከት፤ የተጨማደደ ብረት ወይም የፋብሪካውን እኩል ነጠብጣብ ብየዳ የማይመስል ብየዳ ካለ ከኋላ ተመትቷል ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር።

ሌላው ማግኔት ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በቦዲው ላይ ማንሸራተት ይበቃል። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አሥረኛ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ወፍራም ስቱኮ ያለበት ላይ ሲደርስ ይላላል፣ ይወድቃል። ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየምና ፋይበርግላስ ግን ማግኔት አይዙም፤ እዚያ ላይ በሳንቲም ማንኳኳት ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ የሚገዙ ሰዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ውስጡ ተላቋል ወይም ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ቆላው በመኪና ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል። የግራር እሾህ በጎኑ ላይ ረጃጅም መስመር ያሰምራል። ጥፍራችንን በመስመሩ ላይ አቋርጠን ስንስበው ካልያዘው፣ ወይም ውሃ ሲነካው መስመሩ ከጠፋ፣ ጭረቱ ትራንስፓረንት ከሚባለው የላይኛው ሽፋን አላለፈም። በፖሊሽ ይለቃል። እንዲህ ያለውን መኪና መፍራት የለብንም። የኮረኮንች ጠጠር ኮፋኖውንና የበሩን ሥር ይጠቀጥቃል፤ ብረቱ ካልታየ ያውም ቀላል ነው። ፀሐይ ደግሞ ጣሪያውንና ኮፋኖውን ትበላለች። ቀለሙ ደብዝዞ እጅ ላይ እንደ ጠመኔ የሚወጣ ከሆነ ፖሊሽ ይመልሰዋል፤ የላይኛው ሽፋን እንደ ልጣጭ ከተነሳ ግን እንደገና ከመቀባት ሌላ መፍትሔ የለውም።

እነዚህ ሁሉ የቆዳ ጉዳዮች ናቸው። የሚያሰጋው ጭነቱ ነው። ከነገሌ ገበያ ፍየልና በሬ የሚጭን መኪና የኋላ ወለሉን የከብት ሽንት ይበላዋል። ከዱብሉቅ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለው የኤል ሶድ ጉድጓድ ጨው የጫነ መኪናም እንዲሁ። ቆላው ደረቅ ስለሆነ ብረት እንደ ባሕር ዳርቻ ቶሎ አይዝግም፤ የጨው ውሃ በብረቱ መጋጠሚያ ውስጥ ከቀረ ግን ድርቀቱ አያድነውም። ስለዚህ ፒክአፕና ጭነት መኪና ስናይ ከላይ ሳይሆን ከሥር ተኝተን ነው ማየት ያለብን፤ ልብሳችን ይቆሽሻል፣ ይቆሽሽ።

ጥገናው

ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ባትላሜራ፣ ስቱኮ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ሰው ያለ ትርጉም ነው የሚጠቀምባቸው፤ ዘጋቢም ቢሆን መፈላሰፍ አያስፈልገውም።

ስቱኮ ራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ውፍረቱ ነው። ጥሩ ባትላሜራ ላሜራውን ከውስጥ በብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ እየመታ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ስቱኮ የሚቀባው ለቀረችው ትንሽ ጉድጓድ ነው። ተሞርዶ ካለቀ በኋላ ከሁለት ወይም ከሦስት ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። በዛገ ብረት ላይ በፍጹም አይቀባም፤ ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል፣ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል። ማጠንከሪያው ከስቱኮው ክብደት መቶኛ ሁለት ያህል ነው። በእኛ አገር ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ትንሽ እየለወሱ መሥራት ይሻላል፤ ማጠንከሪያ ማብዛት ኋላ ቀለሙን ያበላሸዋል፣ ማሳነስ ደግሞ ስቱኮውን ለስላሳ ያስቀረዋል።

ሲሞረድ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180 አልፎ በ320 ይለሰልሳል። በውሃ አይደለም። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ የመጠጠውን ውሃ ቀለም ሲሸፍነው ተመልሶ ያብጣል። ከዚያ ፕራይመር ይረጫል። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ 600 ወይም 800 ቁጥር፣ ተራው የሚደርሰው ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ ነው። ቀለሙ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ትራንስፓረንቱ ሁለት ጊዜ። ቆላ ላይ ሥራው በጠዋት፣ ነፋስና አቧራ ሳይነሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀት ከበረታ ቀለሙ ገና አየር ላይ ሳለ ይደርቅና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻካራ ይሆናል።

መስታወቱና መብራቱ ቀለም እንዳይነካው የሚሸፈነው በጋዜጣ ነው። ለካ የእኛ ሥራ መጨረሻው እዚያም ነው! የአጎቴ መኪና ሲጠገን መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ዜና ቆሜ አንብቤዋለሁ።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልጨምር። ሻጭን መኪናው ተጋጭቶ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ አያወጣም፤ የለም ይላል። ቀለም የተቀባው መቼ ነው፣ የተቀባው የትኛው ቦታ ነው፣ ለምን ተቀባ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንድ በር ብቻ የተቀባ ከሆነ ምክንያት ይኖረዋል። ለሽያጭ ሲባል በሳምንቱ ሙሉ በሙሉ የተቀባ ከሆነ ግን ቀብድ ከመስጠት በፊት ከራሳችን ባትላሜራ ጋር መመለስ አለብን። ለእሱ የምንከፍለው ከበሩ ሥር አዲስ ላሜራ ለማስበየድ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

የአጎቴ ኮሮላ ሁለቱም ጎኑ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበይዶለት እየሠራ ነው፤ ዕዳው ግን ገና አላለቀም። ያኛው የተቧጨረውም ነገሌ ውስጥ አለ። ባለቤቱ እስካሁን ፖሊሽ እንኳ አላስመታውም።