አጸደ ቤተ ክርስቲያንን መጠበቅ

የተወደዳችሁ ልጆች፣ አባታችን አዳም በገነት ሲኖር ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ ይኸውም ቦታይቱን መንከባከብ ነው (ዘፍ. 2፥15)። እኛም ልንጠብቀው የሚገባ ቦታ አለን፤ እርሱም አጸደ ቤተ ክርስቲያን ነው።

በደቡብ ጎንደር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በወይራ፣ በጥድና በሌሎችም አገር በቀል ዛፎች ተከበው ይታያሉ። ዙሪያው ለእርሻ ሲመነጠር እነዚህ ዛፎች የተረፉት አባቶችና እናቶች ቦታውን ስላከበሩ ነው። ነገር ግን ደኑ ከሩቅ ለምለም ቢመስልም ውስጡ ችግኝ ከሌለ እያረጀ ነው። ከብት ሲገባ ገና የበቀለውን ይበላል፤ ይረግጣልም። ትልልቆቹ ዛፎች በዕድሜ ሲወድቁ ተተኪ አይኖራቸውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዚያ አገር የአንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። በዚህም ሁለት ጥቅም ተገኘ፤ እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ችግኞችም ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማደግ ጀመሩ።

ልጆች፣ ካብ ለመካብ ጉልበታችሁ ባይደርስ፣ ችግኝ ማጠጣት፣ የወደቀ ላስቲክ መልቀም፣ ስትገቡና ስትወጡ የቅጥሩን በር መዝጋት ትችላላችሁ። ቦታው የሁላችን ነው፤ ሁሉም «ሌላው ይጠብቀዋል» ካለ ግን ጠባቂ ያጣል። ዛሬ የምታጠጡት ችግኝ ከእናንተ በኋላ ለሚመጡ ልጆች ጥላ ይሆናል።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ችግኝ የሌለው ደን ምን ይሆናል?
2. ካቡ ምን ሁለት ጥቅም ሰጠ?
3. በአጥቢያችሁ ስንት ችግኝ አለ? ቆጥራችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።