ስፒከሩ ከውጭ ይምጣ፣ ሳጥኑ ደብረ ታቦር ይሠራ፤ ለቤት የጊታር አምፕሊፋየር ተጨማሪ ስፒከር አመራረጥ

ለጊታር አምፕሊፋየር የሚታከል የስፒከር ሳጥን ሊገዛ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ሻጩም በዋት ይመልሳል፣ ዋጋውም በዋት ይቆረጣል። ይሁንና የድምፅ ዕቃን አሠራር ለሚያውቅ ሰው ዋት ሦስተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው ኦም፣ ሁለተኛው ዴሲቤል ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ገዥ ከሁለት ጉዳት አንዱን ያገኛል። ወይ ለማይሰማው ኃይል ገንዘብ ይከፍላል፣ ወይ አምፕሊፋየሩን ያቃጥላል።

ከዚህም ሌላ በገበያው ብዙ የማይነሳ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ሳጥኑ ራሱ ከውጭ መምጣት ያለበት ዕቃ ነው ወይ የሚለው ነው። ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ነጋዴ ትርፍና ኪሳራው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የጋፋት ሒሳብ

ጋፋት በደብረ ታቦር አቅራቢያ የምትገኝ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያስቀለጡባት ሥፍራ ናት። ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን ጨምሮ ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ተቋም የተላኩ ነበሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራውም እዚያው ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።

የታሪክ ሰው በዚህ ውስጥ ብዙ ነገር ያያል። የንግድ ሰው ግን ሁለት ነገር ሊይዝ ይችላል። አንደኛ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ዕውቀቱ ነው፤ ከባዱ ዕቃ የተሠራው እዚሁ አገር ነው። ሁለተኛ፣ በደጋው መንገድ ላይ ክብደት ራሱ ዋጋ ነው።

ይህ ሒሳብ ዛሬም ለስፒከር ይሠራል። 12 ኢንች የሆነ የጊታር ስፒከር ብቻውን ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ በካርቶን ተጠቅልሎ ከሌላ ዕቃ ጋር ይጫናል። ተገጣጥሞ ያለቀው ሳጥን ግን ከ12 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ይባስ ብሎ አብዛኛው የሚይዘው ቦታ ባዶ አየር ነው። አስመጪው በመርከብ፣ ከዚያም ከአዲስ አበባ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል በጭነት መኪና ለዚህ አየር ይከፍላል ማለት ነው።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይም ይጨመርበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ለስሌት ያህል የ100 ዶላር ስፒከር ከነሳጥኑ ሲገዛ 250 ዶላር ነው ቢባል፣ የ150 ዶላሩ ልዩነት በ57 ብር ሒሳብ 8,550 ብር ነበር። በ100 ብር ሒሳብ 15,000 ብር ይሆናል፤ ጭነትና ቀረጥ ገና አልተነካም። ያ ልዩነት የተከፈለው ደግሞ ለእንጨት፣ ለኮላና ለጨርቅ ነው።

ከግዢ በፊት አምፕሊፋየሩን መመርመር

ተጨማሪ ሳጥን የሚገዛው ለአምፕሊፋየሩ ስለሆነ ምርመራው የሚጀምረው ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነው። ለቤት መለማመጃ የሚሸጡ ከ10 እስከ 20 ዋት የሆኑ ብዙ አምፕሊፋየሮች የውጭ ስፒከር መውጫ የላቸውም። መውጫ ካለው አጠገቡ «ስፒከር» የሚል ጽሑፍና የኦም ቁጥር ይኖራል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን የስፒከር መውጫ አይደለም፤ ሳጥን ቢሰካበት ድምፁ ይደክማል፣ መሰኪያውም ሊበላሽ ይችላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት የውጩ ሳጥን ሲሰካ የውስጡ ስፒከር ይዘጋል ወይስ አብሮ ይሠራል የሚለው ነው። በአንዳንዱ ይዘጋል፣ በአንዳንዱ ሁለቱም ይሠራሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የኦም ሒሳብ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል።

ኦም፤ የማይታለፈው ቁጥር

ኦም ስፒከሩ በኤሌክትሪኩ ላይ የሚያሳርፈው ተቃውሞ መለኪያ ነው። በገበያ የሚገኙት የጊታር ስፒከሮች 4፣ 8 ወይም 16 ኦም ናቸው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን፣ በፓራለል ሲገጠሙ በድምሩ 4 ኦም ይሆናሉ። አንዱ ከሌላው ቀጥሎ፣ በሲሪስ ሲገጠሙ 16 ኦም ይሆናሉ።

በትራንዚስተር ለሚሠራ አምፕሊፋየር ሕጉ ቀላል ነው፤ ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም አይወረድም። ለምሳሌ ጀርባው ላይ «ከ4 ኦም ያላነሰ» የሚል አምፕሊፋየር ባለ 8 ኦም የውስጥ ስፒከር ቢኖረውና ሁለቱም አብረው የሚሠሩ ቢሆን፣ የሚገዛው ሳጥን 8 ኦም መሆን አለበት። ባለ 4 ኦም ሳጥን ቢሰካ ድምሩ ወደ 2.7 ኦም ይወርዳል፣ ትራንዚስተሮቹም ከአቅማቸው በላይ ይሞቃሉ። ከፍ ያለ ኦም መሰካት በአንጻሩ አደጋ የለውም፤ የሚወጣው ኃይል ብቻ ይቀንሳል።

ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ጠባዩ ሌላ ነው። መውጫው ላይ የተጻፈው ኦምና የሳጥኑ ኦም እኩል መሆን አለባቸው። ከሁሉ በላይ ስፒከር ሳይሰካበት ጊታር መጫወት የመውጫውን ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል። ይህ ክፍል ሲቃጠል የጥገናው ወጪ ከአንድ ስፒከር ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ሻጭ ለገዥ ሳይናገር ሊያልፈው አይገባም።

ገመዱም ከዚሁ ጋር ይታያል። ጊታርን ከአምፕሊፋየር የሚያገናኘውና አምፕሊፋየርን ከሳጥን የሚያገናኘው ገመድ ጫፋቸው አንድ ዓይነት ቢመስልም ውስጣቸው የተለያየ ነው። የጊታሩ ገመድ ቀጭን ሽቦ ስላለው ለስፒከር ኃይል አይመጥንም። ሳጥኑ ሁለት ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያለው የስፒከር ገመድ ያስፈልገዋል።

ዴሲቤል ከዋት ይቀድማል

አምራቾች በስፒከር መግለጫ ላይ በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚሰጥ ይጽፋሉ። ገንዘብ የሚያድነው ቁጥር ይህ ነው። 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ መሆን አለበት። የሰው ጆሮ «ድምፁ እጥፍ ሆነ» የሚለው ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፤ ይህም አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል።

ስለዚህ ከባለ 15 ዋት ወደ ባለ 30 ዋት አምፕሊፋየር የተሻገረ ሰው ያገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ15 ዋቱ አምፕሊፋየር ላይ 94 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር አውጥቶ 100 ዴሲቤል የሚሰጥ የገጠመ ሰው ግን 6 ዴሲቤል አግኝቷል። ይህም አምፕሊፋየሩን በባለ 60 ዋት እንደመለወጥ ይቆጠራል። ከእንግሊዙ ሴሌስሽን ምርቶች ለምሳሌ «ቪንቴጅ 30» የተባለው 100 ዴሲቤል፣ «ግሪንባክ» የተባለው ባለ 25 ዋት ደግሞ 98 ዴሲቤል ተብለው ተመዝግበዋል።

ለደጋው ገዥ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ያው ስፒከር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ድምፅ 2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስስ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም፤ አምፕሊፋየሩ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።

ዋቱስ?

የስፒከሩ ዋት የሚናገረው የሚሰጠውን ድምፅ ሳይሆን የሚችለውን ሸክም ነው። በመሆኑም ከአምፕሊፋየሩ ዋት መብለጥ አለበት። ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ድምፁ እስኪሰነጠቅ ሲከፈት ከተጻፈበት ኃይል እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል፣ ለ15 ዋት አምፕሊፋየር የ30 ዋት ስፒከር ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ለ100 ወይም ለ200 ዋት የሚከፈለው ገንዘብ ቤት ውስጥ ጥቅም ላይ አይውልም።

ለጊታር ነው ወይስ ለማሲንቆ?

በአገራችን «ሞንታርቦ» በሚል የጋራ ስም የሚታወቀው የአዳራሽ ድምፅ ማጉያና የጊታር ስፒከር አንድ ዕቃ አይደሉም። የጊታር ስፒከር የሚሠራው ከ70 ወይም 80 እስከ 5,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይተወዋል። የተሰነጠቀ የጊታር ድምፅ ለጆሮ የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ያው ድምፅ በሞንታርቦ ወይም በመኪና ስፒከር ሲወጣ እንደ ንብ መንጋ ይጮኻል።

በአንጻሩ ማይክ የተገጠመለት ማሲንቆ፣ ክራርና የዘፋኝ ድምፅ ንጹሕና ሙሉ ሆኖ መውጣት አለበት፤ ለእነዚህ ሞንታርቦው ይሻላል። ለሠርግና ለሆቴል የሚያከራይ ነጋዴ ሁለቱን መቀላቀል የለበትም። ለአዝማሪ የጊታር ሳጥን የሰጠ ድምፁ የታፈነበት ደንበኛ ይመለስበታል።

ሳጥኑን ማሠራት

ለአንድ 12 ኢንች ስፒከር ወርዱ 50፣ ቁመቱ 45፣ ጥልቀቱ 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይበቃል። የሚመረጠው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። ችፑድ ይረክሳል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ቪቲውም በጊዜ ብዛት ይላላል። ለአንድ ሳጥን የሚያስፈልገው ስፋት 1 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ከሆነው አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ በጥንቃቄ ሲቆረጥ ቢያንስ ሁለት ሳጥን ይወጣል።

አናጺው በሚስማር ብቻ እንዳይመታው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። መጋጠሚያው ሁሉ በኮላና በቪቲ ካልጠበቀ ሳጥኑ ሲጫወት ይንቀጠቀጣል። የስፒከሩ ቀዳዳ የሚቆረጠው በግምት ሳይሆን ስፒከሩ ከእጅ ከገባ በኋላ ተለክቶ ነው። ጀርባውን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ጀርባ ወፍራሙን ድምፅ ያጠብቀዋል፣ ድምፁንም ወደ ፊት ይልካል። በከፊል የተከፈተ ጀርባ ድምፁን በክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከግድግዳ መራቅ አለበት። ለአንድ ክፍል ቤት የተከፈተው ይመቻል፤ ለሆቴል መድረክ የተዘጋው ይመረጣል።

ይህን ሥራ ቁም ሣጥንና የቢሮ ጠረጴዛ የሚሠራ ማንኛውም የከተማው አናጺ ልኩ ከተሰጠው ይወጣዋል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በጋፋት ስም ሰይሟል፤ የኤሌክትሪክ ሥራውን የሚረዳ ወጣት በከተማው አይጠፋም።

ለሚያመጣውና ለሚሸጠው

ስፒከር ብቻውን የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር መሞከር ይችላል። አንደኛ፣ በቴስተር ይለካ፤ ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ላይ 6 ወይም 7፣ ባለ 16 ደግሞ 12 ወይም 13 ገደማ ያሳያል። ቁጥሩ ከዚህ በጣም ከራቀ በመለያው ላይ የተጻፈው እውነት አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ያስነካ፤ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መገፋት አለበት። ሁለት ስፒከር በአንድ ሳጥን ሲገጠም አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ የሚገፋ ከሆነ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች በእኩል ቀስ አድርጎ ይጫን፤ የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ዕቃው ተጎድቷል።

ካፒታሉ አነስተኛ ለሆነ ሻጭ የሚያዋጣው ክምችት ባለ 8 ኦም፣ 12 ኢንች፣ ከ30 እስከ 60 ዋት የሚችል፣ ከ97 ዴሲቤል የማያንስ ስፒከር ነው። ለአብዛኛው የቤት አምፕሊፋየር የሚስማማው ይህ ስለሆነ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አያድርም። ሳጥኑ ደንበኛው ሲያዝ ይሠራል፤ በመጋዘን ቦታ አይዝም፣ የዶላር ወጪም የለበትም። ሳጥኑ ቢሰበርም የሠራው አናጺ እዚያው ከተማ ስላለ ጥገናው የቀናት ጉዳይ ነው። በዚህ አሠራር ከውጭ ምንዛሪ የሚወጣው ገንዘብ አገር ውስጥ ሊሠራ ለማይችለው ለማግኔቱና ለወረቀቱ ብቻ ይሆናል።