በእጅ ስልክ ያለውን የደንበኞች መዝገብ ስለ ማጥራት

የነጋዴ ሀብት በመጋዘን ያለው ዕቃና በባንክ ያለው ገንዘብ ብቻ አለመሆኑ፤ ከማን ጋር እንደሚገበያይ ማወቁም ከሀብቱ ክፍል የሚቈጠር መሆኑ በንግድ ዓለም የታወቀ ነው። ቀድሞ ይህ ዕውቀት በነጋዴው ራስና በጠረጴዛው ላይ በሚኖረው የአድራሻ ደብተር ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን አስመጪውም፤ ላኪውም፤ ባለሱቁም ይህን ሁሉ የሚያኖረው በእጅ ስልኩ ውስጥ፤ በተለምዶ ኮንታክት በሚባለው የስም መዝገብ ነው። ደብተሩ ባረጀ ጊዜ ነጋዴው ወደ አዲስ ደብተር ሲገለብጥ የማያስፈልገውን ስም እየተወ ያልፍ ስለ ነበረ መዝገቡ በየጊዜው ይጠራ ነበር። ስልክ ግን እንደ ደብተር ቶሎ አይሞላም፤ በተለወጠም ጊዜ አሮጌው ስም ሁሉ ሳይቀር ወደ አዲሱ ይሻገራል። በዚህ ምክንያት ከ10 ዓመት በፊት ለአንድ ቀን ብቻ ዕቃ የጫነ ሹፌር ከዋናው ደንበኛ ጐን ተሰልፎ ይኖራል።

ይህ የስም መከማቸት ለብዙ ጊዜ ከመሰልቸት በቀር ያን ያህል ጉዳት አልነበረውም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፤ ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ከተከተለ ወዲህ ግን የስልክ ቁጥር መነጋገሪያ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ መቀበያ ሒሳብ ጭምር ሆኗል። የቴሌፎን ድርጅቶችም ለረጅም ጊዜ ያልሠራን ቁጥር ዘግተው፤ ጥቂት ቈይተው ለሌላ ሰው መስጠታቸው በየአገሩ የተለመደ ነው። እንግዲህ በደሴ ያለ አንድ ባለሱቅ በመርካቶ ለሚገኝ የጅምላ ነጋዴ 40 ሺህ ብር ሊከፍል ስልኩን ቢያወጣ፤ በመዝገቡም «ከበደ ጎማ ተራ» እና «ከበደ ጎማ ተራ 2» የሚሉ ሁለት ስሞች ቢያገኝ፤ አንደኛው ቁጥር ከብዙ ጊዜ በፊት የተተወና ዛሬ በማይታወቅ ሰው እጅ ያለ ሊሆን ይችላል። ከመላኩ በፊት በስልኩ ላይ የሚታየውን የተቀባይ ስም አንብቦ ካላረጋገጠ ገንዘቡ ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል፤ ለማስመለስም ብዙ ደጅ መጥናት ይኖርበታል።

በላኪዎች ዘንድ ያለው አደጋ ከዚህ ይለያል። የሰሊጥ ላኪ «አሕመድ ጅዳ» ብሎ የመዘገበው ሰው የገዢው ድርጅት ሠራተኛ እንጂ ድርጅቱ ራሱ አይደለም። ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ወደ ተወዳዳሪ ድርጅት ቢሄድ ቁጥሩን ይዞት ይሄዳል፤ ላኪውም እንደ ልማዱ የዋጋ ማቅረቢያውን ቢልክለት ዋጋው ሊደርሰው ከማይገባው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ከዚህም የከፋው «ቁጥሬ ተለውጧል፤ የባንክ ሒሳባችንም አዲስ ነው» የሚል መልእክት ነው። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው አስመጪ በቀድሞው ቁጥር ደውሎ የሰውየውን ድምፅ ሳይሰማ አሮጌውን ሰርዞ አዲሱን መመዝገብ አይገባውም፤ የሰረዘው ቁጥር እውነቱን የሚያጣራበት ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላልና።

ወደ ሥራው ሲገባ አስቀድሞ የሚደረገው መሰረዝ ሳይሆን መገልበጥ ነው። የአንድሮይድም ሆነ የአይፎን ስልክ መዝገቡን በሙሉ ቪሲኤፍ በሚባል አንድ ፋይል አውጥቶ በኮምፒዩተር ለማስቀመጥ ያስችላል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ስም የት እንደ ተቀመጠ መለየት ያሻል። በሲም ካርድ ላይ የሚያዘው ስም ብዙውን ጊዜ ከ250 አይበልጥም፤ የስሙም ርዝመት የተወሰነ ነው፤ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍማ በላቲን ፊደል ከሚይዘው ግማሽ ያህል ብቻ ይይዛል። በጉግል ሒሳብ ላይ የተቀመጠው ግን በዚያ ሒሳብ በሚሠሩ ስልኮች ሁሉ ላይ ስለሚታይ፤ ባለቤቱ በቤቱ ሆኖ የሰረዘው ስም በሱቁ ስልክም ላይ ይጠፋል። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ስልክ ላይ የሱቁ ሒሳብ ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ የደንበኞቹ መዝገብ ሁሉ ከእርሱ ጋር ሄደ ማለት ነው።

የተደጋገሙ ስሞችን ስልኩ ራሱ ፈልጎ እንዲያዋሕዳቸው ማድረግ ይቻላል፤ የኛ አገር ስም ግን ለዚህ መሣሪያ አስቸጋሪ ነው። አንዱ ሰው በአንድ ቦታ «ኃይሉ»፤ በሌላ ቦታ «ሀይሉ»፤ በሦስተኛው በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲገኝ ስልኩ ሦስት ሰዎች አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል፤ ባለቤቱም በአንዱ ፊደል ሲፈልግ ሌላውን ላያገኝ ይችላል። ደግሞም ስልኩ የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቈጥር፤ በተለይ አይፎን ካልተነገረው በቀር ደንበኞችን በአባታቸው ስም ተራ ይደረድራቸዋል። ይህን በስልኩ ማስተካከያ ገብቶ መለወጥ ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት መርጦ በዚያው መጽናት ነው፤ ይኸውም ስም ከነአባት፤ ቀጥሎ የድርጅቱ ስም፤ በመጨረሻም ስፍራው ወይም ሥራው፤ ለምሳሌ «ትራንዚት ሞጆ» ተብሎ ቢጻፍ ነው። «ወንድሜ የሸራው» የሚለው አጻጻፍ ለጻፈው ሰው እንኳ ከዓመት በኋላ እንቈቅልሽ ይሆንበታል።

ቁጥሩም ቢሆን በ+251 ተጀምሮ ቢጻፍ ይመረጣል፤ ነጋዴው ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንግዡ ሄዶ ሳለ በ09 ወይም በ07 የተጻፈው ብዙ ጊዜ አልደወል ይለዋልና። መስከረም 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ቁጥር ወደ 10 አኀዝ ከማደጉ በፊት የተመዘገበ አጭር ቁጥር አሁንም ያለበት መዝገብ ቢኖር፤ ያ ያለ ምንም ምርመራ ሊወጣ ይችላል።

ሳይመረመር የማይሰረዘው የሒሳብ ነገር ያለበት ሰው ነው። ዱቤ የወሰደ፤ ቀብድ የሰጠ፤ ዕቃው ተጕድሎ የተከራከረ ሰው ለዓመታት ባይደውልም ሒሳቡ እስኪዘጋ ድረስ ስሙ ሊቈይ ይገባል፤ የዱቤውን መዝገብ ጐን አድርጎ ማየት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። የሞተ ደንበኛ ቁጥርም ቢሆን ከወራሾቹ ጋር መተሳሰቢያው እስኪያልቅ ድረስ አይነካም፤ ከስሙ ጐን ማስታወሻ መጻፍ ብቻ ይበቃል።

በስሕተት የተሰረዘ ስም በጉግል ሒሳብ ላይ የነበረ እንደ ሆነ እስከ 30 ቀን ድረስ ከቅርጫቱ ተነሥቶ ይመለሳል። በአይፎን ግን በአይክላውድ የተቀመጠውን ያለፈ ግልባጭ መመለስ ሲሆን፤ ይህ አሁን ያለውን መዝገብ በሙሉ በአሮጌው ስለሚተካው በዚያ መካከል የተመዘገበው አዲስ ስም እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሲም ካርድ ላይ ብቻ የነበረው አንዴ ከተሰረዘ አስቀድሞ ከተገለበጠው ፋይል በቀር መመለሻ የለውም። ቴሌግራም ደግሞ ከስልኩ የወሰዳቸውን ስሞች በራሱ ዘንድ ስለሚያኖር፤ ከስልኩ የተሰረዘው ሰው በዚያ ታይቶ ቢገኝ የስሞች ማመሳሰያውን ዘግቶ የተቀመጡትን ለብቻ መሰረዝ ያስፈልጋል።