ወደ ተደራሽነት ጉባኤ አንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ

ዓይነ ስውራንና ሌሎች አካል ጉዳተኞች ያለ ችግር የሚጠቀሙበትን ድረ ገጽ መሥራት ለመማር ጉባኤ መሄድ ካሰቡ፣ መጀመሪያ የሚመችዎትን ይምረጡ። ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኖርዝሪጅ የሚያዘጋጀውና የሙያው ሰዎች «ሲሰን» የሚሉት ጉባኤ የተጀመረው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። በቅርብ ዓመታት በማርች ወር አናሃይም ላይ ይካሄዳል፤ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ላለ ሐበሻ ቅርብ ነው። ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ለከበደው ደግሞ በ2021 የተጀመረው አክስ-ኮን በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለጀማሪ ይህኛው ይሻላል እላለሁ።

ለጉባኤው ሁለት ሳምንት ሲቀር የሠሩትን አንድ ገጽ ይያዙ። ኤንቪዲኤ የተባለውን ነጻ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ፣ ስክሪኑን ያጥፉ፣ ማውዙን ወደ ጎን ያድርጉ። ከዚያ በኪቦርድ ብቻ ቅጽ ሞልተው ለመላክ ይሞክሩ።

እኔ በሠራሁት የምዝገባ ቅጽ ሞክሬው ነበር። ታብ ስጫን «ኤዲት፣ ብላንክ» አለኝ። ደግሜ ስጫን ያው «ኤዲት፣ ብላንክ»። ስድስት ሣጥን፣ ስድስት ጊዜ። «ስም»፣ «ስልክ» ብዬ ከየሣጥኑ በላይ ጽፌያለሁ፤ በኮዱ ግን ጽሑፉን ከሣጥኑ ጋር አላያያዝኩትም። ማየት የማይችል ተመዝጋቢ የቱ ጋ ስሙን፣ የቱ ጋ ስልኩን እንደሚጽፍ በምን ያውቃል? ጉባኤው ላይ የጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው።

ገጹ አማርኛ ከሆነ በኮዱ ውስጥ ያለው የቋንቋ መለያም አማርኛ መሆኑን ይዩ። እንግሊዝኛ ተብሎ ከቀረ ስክሪን ሪደሩ ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ሊሞክር ይችላል። እኛ ዘንድ የተለመደው፣ ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጽሑፉ አብሮ ካልተቀመጠ ለዓይነ ስውሩ እንዳልወጣ ማስታወቂያ ነው።

ከመሄድዎ በፊት በ2023 የወጣውን ዊካግ 2.2 የተባለ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ገረፍ አድርገው ይዩት። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም።

በአካል የሚሄዱ ከሆነ በጉባኤው ቀን ከክፍል ክፍል አይሩጡ። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ገለጻ ይበቃል፤ በተለይ ስክሪን ሪደር በየዕለቱ የሚጠቀም ሰው ራሱ የሚያሳይበትን አይለፉ። የማያይ ሰው ሲያነጋግሩ ቀድመው ስምዎን ይናገሩ፣ ሳይጠይቁ ክንዱን አይያዙ፣ መሪ ውሻውንም አይዳስሱ። የያዙትን ገጽ ከፍተው «እስቲ ይህን ይሞክሩልኝ» ይበሉ። ሲሞክር ዝም ብለው ያዳምጡ፤ የት እንደሚቆም፣ የት ወደ ኋላ እንደሚመለስ በማስታወሻዎ ይያዙ። አፍዎ ለማስረዳት ቢቸኩልም ይታገሱ፤ ገጹን ቤቱ ሆኖ ሲከፍት እርስዎ አጠገቡ አይኖሩም።

ሲመለሱ፣ ሳምንት ሳይሞላ፣ ከማስታወሻዎ አንዱን ስህተት ያርሙ። ከዚያ በአካባቢዎ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ጠርተው ያስፈትሹት፤ የጊዜውንም ይክፈሉት።