የውሻ ዕጢ ናሙና ለጂኖም ምርመራ ስለሚዘጋጅበት አኳኋን

ደሴ ላይ መጋዘን ያለው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ንብረቱን በውሻ ያስጠብቃል። በውሻው ገላ ላይ ዕጢ የወጣ እንደ ሆነ የእንስሳት ሐኪም ቆርጦ ያወጣዋል፤ ነቀርሳ መሆን አለመሆኑም በላቦራቶሪ ይመረመራል። ዛሬ ደግሞ ከዚህ አልፎ የዕጢውን ዲኤንኤ በማንበብ ዓይነቱንና የሚስማማውን መድኃኒት መፈለግ ተችሏል። የውሻ ጂኖም ንባብ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ታተመ፤ በ2015ም የፊኛ ነቀርሳ በያዛቸው በብዙዎቹ ውሾች ቢራፍ የተባለው ጂን በአንድ ቦታ ተለውጦ መገኘቱ ታወቀ።

ዕጢው የሚቆረጠው አንድ ጊዜ ነውና ናሙናው ከተበላሸ የባለቤቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የውሻው ዕድልም አብሮ ይጠፋል።

ዋናው ነገር ፎርማሊን ነው። የቆዳ ነጋዴ ጨው ለምዷል፤ ለዚህ ግን ጨው አይሆንም። በንግድ የሚመጣው ፎርማሊን ከመቶው 37 ያህሉ ፎርማልዴሃይድ ነው። ሐኪም «10 በመቶ ፎርማሊን» ሲል ከዚሁ አንዱን እጅ በ9 እጅ ውሃ የበረዙትን ማለቱ ነው፤ በትእዛዝ ወረቀት ላይ ይህ በግልጥ ሊጻፍ ይገባል። በውሃ ብቻ የተበረዘው ሲቆይ አሲድ ይሆናል፤ አሲድም ዲኤንኤን ይቆራርጣል። ስለዚህ ለአንድ ሊትር 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት ይጨመርበታል። እነዚህን ሁለት ቅመሞች ለቁጠባ ሲሉ መተው ከንቱ ነው።

ሥጋው ከ5 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ተቆርጦ፣ መጠኑን 10 እጥፍ በሚያህል ፎርማሊን፣ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። በዚያም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ናሙና የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መልእክተኛ ሲጠበቅ በፎርማሊን ውስጥ ሳምንታት እየሰነበተ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ አስቀድሞ በፓራፊን ሰም ውስጥ ቢቀበር ይሻላል፤ የሰሙ ጡብ ያለ በረዶ ይጓዛል፣ ለዓመታትም ይቀመጣል። የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ያለው ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነውና ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት ከዚያ ባለሙያ ጋር ቢመካከር መልካም ነው።

አጥንት ያለበት ዕጢ በአሲድ እንዳይለሰልስ ይነገር። ለማነጻጸሪያ የውሻው ደም ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ይያዝ። ስሙና ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ በብልቃጡ ገላ ላይ ይለጠፍ፤ በክዳኑ ላይ ከሆነ ክዳን ሲለዋወጥ ውሻውም ይለዋወጣል። ተቀባዩ አገር የእንስሳ አካል ለማስገባት የሚጠይቀው ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ።