የልብስ ማጠቢያ መኪና ፍሪሲዮን፤ አስመጪውና ባለሱቁ ሊያውቁት የሚገባ

በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም ገበያ የልብስ ማጠቢያ መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ እንደሚያጥብና ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ነው። ባለሱቁም ከአስመጪው ጋራ ሲዋዋል ከዚህ የራቀ ጥያቄ አያቀርብም። መኪናው ከተሸጠ በኋላ ግን ገዥንና ሻጭን የሚያጣላው ኪሎውም ዋጋውም አይደለም፤ ከገንዳው ሥር ተሸሽጎ የሚኖር አንድ የብረት ዕቃ ነው። ይኸውም ፍሪሲዮኑ ነው።

ፍሪሲዮኑ የተበላሸ መኪና ውኃ ይሞላል፤ ሞተሩም ያጉረመርማል፤ ልብሱን ግን ጨምቆ ለማውጣት አቅም ያጣል። የገዛው ሰው ወደ ባለሱቁ ይመለሳል፤ ባለሱቁ ደሴ ወዳለው አከፋፋይ ይደውላል፤ አከፋፋዩም አዲስ አበባ ያለውን አስመጪ ይጠይቃል። በመጨረሻም መኪናው ከመካነ ሰላም ተጭኖ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ይወርዳል፤ የመሄጃና የመመለሻ ኪራዩን ማን ይክፈል የሚለው ደግሞ ሌላ ክርክር ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው የዶላሩን ዱካ የሚከተል ሆኗል። ስለዚህ የፍሪሲዮኑን አሠራር ማወቅ ለጥገና ሠራተኛ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ የነጋዴውም የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ፍሪሲዮን ማለት ምን እንደ ሆነ ለነጋዴ ማስረዳት አያስቸግርም። ጭነት ይዞ የጉጉፍቱን መንገድ የወጣ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ የሞተሩን ጉልበት ከጎማው ጋራ የሚያገናኝና የሚያለያይ ዕቃ ነው። በልብስ ማጠቢያ መኪናም ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ልብስ ከላይ የሚከተትበት አውቶማቲክ መኪና ለማጠቢያውም ለመጭመቂያውም አንድ ሞተር ብቻ አለው፤ ከዚያ ከአንድ ሞተር ግን ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎች ይፈለጋሉ። ሲያጥብ ከገንዳው ሥር ያለው ሳህን ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ቀስ ብሎ መዞር አለበት፤ ገንዳው ቆሞ ይጠብቃል። ሲጨምቅ ደግሞ ሳህኑና ገንዳው እንደ አንድ አካል ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በደቂቃ 700 ዙር በሚያህል ፍጥነት መሽከርከር አለባቸው። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ፍሪሲዮኑ ነው።

በቺንጋ በሚዞረው ዓይነት መኪና ውስጥ የፍሪሲዮኑ ልብ አንድ ጠንካራ ሞላ ነው። ሞላው በሁለት ዘንጎች ላይ ተጠምጥሞ ይኖራል። በችካል ላይ በተጠመጠመ ገመድ የታሰረች በቅሎ በሳበች ቍጥር ገመዱ ችካሉን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ሞላውም በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ሁለቱን ዘንጎች አንቆ አንድ ያደርጋቸዋል፤ በተቃራኒው ሲገፋ ይላላል። በማጠቢያው ጊዜ አንዲት የብረት ምላስ ከሞላው ጋራ የተያያዘውን ባለ ጥርስ ቀለበት ይዛ ሞላው እንዳይጠብቅ ትከለክለዋለች። የሞተሩ ጉልበት ያን ጊዜ በትናንሽ ማርሾች በኩል አልፎ፣ ፍጥነቱ ቀንሶ ብርታቱ ጨምሮ፣ ወደ ሳህኑ ብቻ ይደርሳል። የመጭመቂያው ጊዜ ሲደርስ ምላሲቱ ቀለበቱን ትለቃለች፤ ሞላው ዘንጎቹን ያንቃል፤ ገንዳውም ተነሥቶ ይሽከረከራል።

ከፍሪሲዮኑ ጋራ ተጣምሮ የሚሠራ ፍሬን ደግሞ አለ። ይህም ከበሮ የሚመስለውን የፍሪሲዮኑን ቤት የሚከብብ፣ ውስጡ ሸራ የለበሰ የብረት ቀበቶ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ ቀበቶው ዘወትር እንደ ጠበቀ ይኖራል። የሚላላው የፍሳሹን መዝጊያ የሚስበው መሣሪያ በዚያው ስበት የፍሬኑንም እጀታ ሲስብ ነው። እንግዲህ አንዱ ስበት ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ቆሻሻውን ውኃ ይለቃል፣ ፍሬኑን ያላላል፣ ምላሲቱን ከቀለበቱ ያነሣል። ብልሃት ያለው አሠራር ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም በአንድ ገመድ የተንጠለጠሉ በመሆናቸው ስበቱ ሲጎድል ሦስቱም አብረው ይጎድላሉ።

የጉዳቱ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። መኪናው በመጭመቅ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ እጀታው ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ፍሬኑም ውኃ ያዘለ ልብስ ተሸክሞ በሙሉ ፍጥነት የሚሽከረከረውን ገንዳ ድንገት ይነክሰዋል። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ብዙዎቹ መኪናዎች አስቀድመው ሞተሩን አጥፍተው ገንዳው በራሱ ፍጥነቱን እስኪቀንስ ይጠብቃሉ፤ ፍሬኑ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ከቀነሰ በኋላ ፍሬን ቢያዝ፣ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት በሙሉ ፍጥነት ሊያጠፋው ከሚገባው አንድ አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ በመጭመቂያው መካከል የጠፋች አንዲት መብራት በፍሬኑ ሸራ ላይ የአራት ማቆሚያ ያህል ድካም ትጭናለች። መብራት አልፎ አልፎ ብቻ በሚቋረጥበት ከተማ ይህ አይታወቅም፤ በመስመሩ ጫፍ ባሉ የደጋ ከተሞች ግን ሸራው ከጊዜው በፊት ያልቃል። ገዥውም መኪናው አሮጌ ተሸጠልኝ ብሎ ባለሱቁን ይከስሳል፤ ባለሱቁም ለመከላከያ የሚሆን ቃል አያገኝም።

የቮልት መውረድም እንደዚሁ ነው። የእንዲህ ያለ ሞተር የማስነሻ ጉልበት ከቮልቱ ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል፤ 220 ቮልት የሚፈልግ ሞተር 180 ቮልት ብቻ ቢደርሰው የሚቀርለት ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። በቀድሞዎቹ መኪናዎች የፍሬኑን እጀታ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ እንደ ማግኔት የሚሠራ ብረት ስለ ነበረ፣ ቮልት ሲያንስ ስበቱ ይደክምና ፍሬኑ በከፊል ብቻ ይላላል። የደከመው ሞተር ግማሽ ፍሬን የተያዘበትን ገንዳ ሲጎትት የሸራ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሆኖም የኀይሉ መብዛት ብቻውን በረጅም መስመር ጫፍ ያለን ቮልት አያቀናም፤ ያን የሚያቀናው ትራንስፎርመሩና የሽቦው ውፍረት ነው። እስከዚያው ድረስ ከመኪናው ጋራ ስታብላይዘር አብሮ መሸጥ ለነጋዴው ትርፍም መከላከያም ነው።

ሌላው ከባድ ጭነት ጋቢና ቡሉኮ ነው። በመኪናው ላይ 8 ኪሎ ተብሎ የተጻፈው የደረቅ ልብስ ክብደት መሆኑን ገዥው አያውቅም፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አይነግረውም። በደጋው አገር የሚለበስ ወፍራም ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ እጅግ ይጨምራል፤ ለብቻው የገባ ጋቢ ደግሞ በገንዳው አንድ ወገን ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ገንዳው ሲዞር ይናወጣል፤ መኪናው ራሱን ያቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ይቆማል። በእያንዳንዱ መነሣት ሞላው፣ በእያንዳንዱ መቆም ሸራው ይከፍላል። ጋቢው ከሌላ ልብስ ጋራ ተመዛዝኖ በገንዳው ዙሪያ ቢደለደል ይህ ሁሉ አይመጣም።

ፋብሪካዎቹ ይህን ድክመት ካወቁ ቆይተዋል፤ የፍሪሲዮኑንም አሠራር ለማሻሻል በልዩ ልዩ መንገድ ሠርተዋል። ርካሹና ለእኛ አገር የሚበጀው ማሻሻያ የማግኔቱን ብረት በትንሽ ባለ ማርሽ ሞተር መተካት ነው። ይህ ሞተር እጀታውን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ይስብና ይዞ ይቆያል፤ ቮልት ጥቂት ቢወርድም ስበቱን አያጎድልም። ካታሎግ የሚያነብ አስመጪ ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢጠይቅ እንኳ ብዙ ወቀሳ ይቀርለታል።

ሁለተኛው መንገድ ቺንጋውንና ሞላውን ጨርሶ ማስወገድ ነው። ሞተሩ በቀጥታ ከገንዳው ሥር ይገጠማል፤ በሞላው ፈንታ ጥርስ ያለው ማያያዣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ገንዳውን ከሳህኑ ዘንግ ጋራ ያገናኛል ወይም ያለያያል። ጥርስ በጥርስ ውስጥ ስለሚገባ አይንሸራተትም። ፊሸር ኤንድ ፔይክል የተባለው የኒውዚላንድ ፋብሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው መኪና ከዚህም የረቀቀ ዘዴ አሳይቷል። የውስጡ ገንዳ ውኃ ሲሞላ ልክ እንደ ታንኳ ይንሳፈፍና ከማያያዣው ጥርስ ይላቀቃል፤ ሳህኑ ብቻውን እየዞረ ያጥባል። ውኃው ሲፈስስ ገንዳው ተመልሶ በጥርሱ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱም አብረው ይዞራሉ። የሚስብ ገመድ የለም፤ የሚያልቅ ሞላም የለም፤ ፍሪሲዮኑን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ የማጠቢያው ውኃ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ልብስ በፊት ለፊቱ የሚከተትበት ነው፤ እርሱም ፍሪሲዮን አያሻውም። በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለቤት ተብሎ ለገበያ የቀረበው የቤንዲክስ አውቶማቲክ መኪና ከዚህ ወገን ነበረ፤ ሲሠራ እንዳይዘል ከወለሉ ጋራ በብሎን ይታሰር ነበር።

ይሁን እንጂ ማሻሻያው ሁሉ ከላላ ሲደርስ ማሻሻያ ሆኖ አይቀርም። ሞላው በጥርስ ሲተካ ብልሽቱ ከብረት ወደ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ተዛውሯል፤ ጥርሱ ከጥርስ ጋራ መገጣጠሙን የሚመረምረው፣ ሞተሩንም የሚያዝዘው ቦርዱ ነውና። ሞላና ሸራ መፍቻ ያለው ሠራተኛ በአካባቢው ሊለውጣቸው ይችላል፤ በቮልት መዋዠቅ የተቃጠለ ቦርድ ግን አዲስ ካልመጣለት መኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቦርድ የበዛበትን መኪና ጄኔሬተርና ስታብላይዘር ላለው ሆቴል መሸጥ እንጂ በሰፈር መብራት ለሚኖር ቤተ ሰብ ማቅረብ አይገባም።

ለቤተ ሰቡ ብዙዎች የሚንቁት ባለ ሁለት ገንዳው መኪና ይሻላል። ይህ መኪና ሁለት ሞተር አለው፤ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ይጨምቃል፤ ስለዚህ ፍሪሲዮን የለውም። የመጭመቂያው ፍሬን ከክዳኑ ጋራ በሽቦ የተያያዘ በመሆኑ መብራት ቢጠፋም ክዳኑ እስካልተከፈተ ድረስ ገንዳው ቀስ ብሎ በራሱ ይቆማል። የቧንቧ ውኃ በተራ በሚመጣበት ቀበሌ ደግሞ ውኃውን ከጀሪካን ማፍሰስ ይቻላል። ልብሱን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው በእጅ ማዛወር ያስፈልጋል፤ ግን ልብስ በወንዝ ዳር በድንጋይ ላይ ሲያጥብ ለኖረ ሰው ይህ ድካም ተብሎ የሚቈጠር አይደለም።

ከሳዑዲ ዐረቢያ የሚመለሱ ወገኖች ይዘዋቸው የሚመጡትን መኪናዎች የሚገዛ ባለሱቅ ደግሞ በጀርባቸው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ አለበት። የሳዑዲ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50 ነው። ለ60 የተሠራ የቺንጋ መኪና በእኛ አገር ፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል፤ ልብሱን እርጥብ ይተወዋል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ከዱባይ የሚመጣው በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስለ ሆነ ይህ ችግር የለበትም።

መለዋወጫ የሚያዝዝ አስመጪ የመኪናውን ስም ብቻ ጽፎ መላክ አይበቃውም። ፍሪሲዮን ሙሉውን እንደ አንድ ዕቃ ይሸጣልና፣ ሳህኑ የሚገባበትን ጥርስ ቍጥር፣ የዘንጉን ርዝመትና የታችኛውን ጫፍ ቅርጽ ለክቶ መጻፍ ያስፈልጋል። በስም አንድ የሆኑ መኪናዎች በጥርስ የሚለያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። ለ20 መኪና ሁለት ፍሪሲዮንና አራት ቺንጋ በዚያው ኮንቴይነር ውስጥ አብሮ ማስጫን፣ በኋላ ለብቻው ከሚታዘዝ ጥቅል እጅግ ይረክሳል። ውኃ ወደ ፍሪሲዮኑ እንዳይወርድ የሚከለክለውም ጎማ አብሮ ይታዘዝ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ እርሱ ሲያረጅ ግን ውኃው ኩሽኔታውን ያዝገዋል።

ባለሱቁም መኪናውን ከመንገድ ሲረከብ ሳይፈታው ሊመረምረው ይችላል። ኤሌክትሪክ ሳይሰካ ሳህኑን በእጁ ያዙር፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም መዞር አለበት፤ ገንዳው ግን መነቃነቅ የለበትም። ቀጥሎ ገንዳውን ራሱን በሁለት እጁ ለማዞር ይሞክር። በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ፍሬኑ ላልቷል፤ ወይም እጀታው በመንገዱ ንውጽውጽታ ከቦታው ተዛንፏል። ተዛንፎ እንደ ሆነ በእጀታው ጫፍ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በማዞር ይቃናል፤ ይህም መኪናው ለገዥው ከመሰጠቱ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው።