ስለ ሜታሎች ተራ

በኬሚስትሪ ትምህርት የሚሰጠንን የሜታሎች ተራ ብዙዎቻችን እንደ ዳዊት እንደግመዋለን፤ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኔዚየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ ብረት፣ ቲን፣ እርሳስ፣ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ። ተራው ምንን እንደሚለካ ሲጠየቅ ግን አንዱ ጥንካሬን፣ ሌላው ዋጋን ይላል። የሚያመለክተው ሜታሉ በውሃ ውስጥ ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ ያለውን ዝንባሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ብረት ስንል ምስማር የሚሠራበትን ብቻ ነው።)

ንጹሕ ምስማር በሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ቢነከር፣ ጥቂት ቆይቶ ቀይ መዳብ ይለብሳል፤ የውሃውም ሰማያዊነት እያደር ይፈዛል። ይኸውም የብረቱ አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ለመዳቡ አዮን አስረክቦ ራሱ ወደ ውሃው ስለሚገባ ነው። ሰልፌቱ ተመልካች ነው እንጂ ከነገሩ የለበትም። 55.8 ግራም ብረት ሲሟሟ 63.5 ግራም መዳብ ይወጣል፤ ስለዚህ መዳቡ ካልረገፈ ምስማሩ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ቻይናውያን በ11ኛው መቶ ዘመን በዚሁ መንገድ መዳብ ያወጡ ነበር። በተቃራኒው መዳብ በብረት ሰልፌት ውሃ ውስጥ ቢያድር፣ ብረት ሊያወጣ አይችልም።

«የላይኛው የታችኛውን ያስለቅቃል» የሚለው ደንብ ግን ወጥመድ አለው። ሶዲየም ከመዳብ ሰልፌት ውሃ መዳብ ያወጣል ብሎ በፈተና የሚጽፍ አይጠፋም። ሶዲየም ግን አስቀድሞ የሚይዘው ውሃውን ነው፤ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል (ማንም እንዳይሞክረው)፣ የሚዘቅጠውም ሰማያዊ የመዳብ ሃይድሮክሳይድ ነው። አሉሚኒየምም ከዚንክ በላይ ሳለ፣ ድስቱ ውሃ ሲፈላበት የማይበላው አየር እንደነካው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚለብስ ነው። በመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥም ዝም ይላል፤ ጥቂት የወጥ ጨው ሲጨመር ግን ሽፋኑ ይፈርስና ውሃውን እያሞቀ መዳቡን ያወጣል።

ይኸው ተራ ከራሳችን በላይም ይሠራል። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ተጭሮ ብረቱ ቢገለጥ እንኳ፣ በዝናቡ እርጥበት ኤሌክትሮን እየሰጠ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩ ስለሆነ፣ ዚንኩ እስካላለቀ ድረስ ብረቱ ይድናል። በቲን የተለበጠ የምግብ ጣሳ ግን እንዲህ አይደለም። ቲን በተራው ከብረት በታች ነውና፣ ጣሳው ሲጫር የሚበላው ብረቱ ነው፤ እንዲያውም ምንም ካልተለበጠ ብረት ይልቅ በጭረቱ ላይ ፈጥኖ ይዝጋል።